ከኪሴ ያወጣሁት ሽማግሌ

እንግሊዝኛ ዐውቃለሁ ብሎ መዋሸት ፈረንጅ እስኪመጣ ድረስ ምንም ችግር የለበትም።

እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ የአራተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ጠላት ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ተማሪዎቼ ከእኔ በቀር እንግሊዝኛ ሲናገር የሰሙት ሰው ስለሌለ፣ እኔ የተናገርኩት ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር። ቃል ሲጠፋኝ አፌ ላይ የመጣልኝን ወርወር አደርጋለሁ፤ እነሱም ጎንበስ ብለው ይጽፋሉ። እኔ የፈጠርኳቸውን ቃላት ይዘው የቀሩ ትልልቅ ሰዎች ዛሬም እንዳሉ ሳስብ ያልበኛል።

ኋላ ፈረንጁ መጣ። ስሙ ፒተር ነው። ቁመቱ የበር መቃን የሚገጭ፣ አንገቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሲስቅ ጥርሱን ሁሉ የሚያሳይ ጎልማሳ። ማንም ሳያስገድደው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ከአሜሪካ ድረስ እኛን ሊያግዝ የመጣ ነው። በመጣ በሳምንቱ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ያዘኝና ሩብ ሰዓት ያህል አወራኝ። ከአምስት ቃል አንዷን ያዝኩ። አራቱን ከኪሴ ሞላሁና «የስ፣ የስ» አልኩት። ለካ ያለኝ «ክረምቱን ደጋ ወጥቼ ከባላገሩ ጋር እየኖርኩ መሥራት እፈልጋለሁ፤ አብረኸኝ ሄደህ ታስተረጉምልኛለህ ወይ?» ኖሯል። ነገሩ የገባኝ ዲሬክተራችን እጄን ጨብጠው «አኮራኸን!» ሲሉኝ ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሌላው ሰው ለምሳሌ ያህል ይለዋል፤ እኔን ግን እውነተኛው አፋፍ ላይ ነው ያወጣኝ።

እስከ ደባርቅ በጭነት ማኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ። መካነ ብርሃንን አልፈን ግማሽ ቀን ከሄድን በኋላ መሬቱ ድንገት አለቀ። ምን ማለቴ መሰላችሁ፣ መንደሯ የተቀመጠችው ገደል ጫፍ ላይ ነው። ከቤቶቹ ጀርባ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሣር አለ፤ ከሣሩ ወዲያ ሰማይ ነው። ስሟን አልጠራውም፤ የማልጠራበትን ምክንያት ስትጨርሱ ትረዱልኛላችሁ።

የመንደሩ ጭቃ ሹም አያ ፈንታ የሚባሉ፣ ጢማቸው እንደ ፍየል የሾለ ሰው ናቸው። ፒተርን ከእግር እስከ ራስ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን በድሎ ነው የተላከ?»

«አልበደለም፤ በፈቃዱ ነው የመጣ።»

«በፈቃዱ? እዚህ?» ገደሉን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ዝናቡን አዩ። «ምነው፣ አገሩ ዘመድ የለውም?»

«ሰው ሊረዳ ነው።»

«እህ» አሉ በኀዘን። «ከንጉሡ ተጣልቶ ነው እንጂ።»

ያን ዕለት ሳይመሽ ፒተር በግዞት የመጣ መኮንን ነው የሚል ወሬ መንደሩን ሞላው። ሴቶቹ «አይ እናቱ!» እያሉ ዳቦና እርጎ ተሸክመው መጡ። እሱ እንግዳ ተቀባይነታቸውን እያደነቀ ይበላል። ስሙንም ጴጥሮስ አሉት። እኔን «አስተርጓሚው» እንጂ ሌላ ስም የሰጠኝ የለም።

ማረፊያችን የእሜቴ ስንዱ ቤት ሆነ። እሜቴ ስንዱ ወደ ስድሳ የሚጠጉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ቤታቸው ሰፊ ነው። ገብተን ፒተር ረጅም እግሩን ሊያሳርፍ ከበሩ በስተቀኝ ካለው መደብ ላይ ዝቅ ሲል፣ «እሱ ላይ አይሆንም» አሉ። መደቡ ላይ ነጭ የበግ አጎዛ ተነጥፏል። «የባለቤቱ ነው።»

«ባለቤቱ የት ሄደው ነው?» አልኩ።

«ወጥቷል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ጉሙ ሲገለጥ» ብለው ጠላ ሊቀዱ ሄዱ።

ሦስት ዋንጫ ቀዱ። አንዱን ለፒተር፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን መደቡ ዳር። ወግ ነው አልኩ። ሰውየው ሲመጣ ጠላው ተቀድቶ ይጠብቀዋል፤ ሸጋ ሚስት ማለት ይህች ናት። በማግስቱ ጧት ጎረቤቶች ሲገቡ መጀመሪያ ወደ መደቡ ዞረው «አያ ተገኘ፣ እንዴት አደርህ?» ይላሉ፤ ቀጥለው ለእኛ። መደቡ ላይ አጎዛ እንጂ ሰው የለም። ፒተር የአገሩን ባህል ካልተማርኩ የሚል ሰው ስለሆነ በሁለተኛው ቀን እሱም ጎንበስ ብሎ ባዶውን መደብ «አያ ተገኘ፣ እንዴት አደርህ!» አለው። እሜቴ ስንዱ ፊታቸው በራ። እኔም ከፈረንጅ አንሼ እንዳልገኝ ሰላም ማለት ጀመርኩ። እንዲያውም በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር ጠማኝና መደቡ ዳር ያለውን ዋንጫ አንስቼ ጨለጥኩት። «አያ ተገኘ፣ ይቅርታ፤ ሲመጡ እተካለሁ» ብዬ ቀለድኩ።

ዋንጫውን ሳስቀምጥ የደብሩ ቄስ መምሬ አዱኛ በር ላይ ቆመዋል።

«ጠጣህለት?» አሉኝ።

«ጠምቶኝ ነው፣ አባቴ። እሳቸው ሲመጡ…»

«አይመጣም፣ ልጄ» አሉ፣ ወደ ጓዳው አይተው እሜቴ ስንዱ አለመኖራቸውን ካረጋገጡ በኋላ። «ጠላት በወጣ በሁለተኛው ክረምት በቅሎው ጠፍታበት ሊፈልግ ወጣ። ጉም ነበር። ይኸው።»

ጠላው ሆዴ ውስጥ ቀዘቀዘ።

መምሬ አዱኛ የቀረውን ውጭ አስወጥተው ነገሩኝ። አያ ተገኘ ተፈልጎ ተፈልጎ ጠፋ። አስከሬን ስለሌለ እሜቴ ስንዱ «ላልሞተ ሰው ፍታት አይደረግም» አሉ፤ ተዝካርም አልወጣ። መደቡን ማንም እንዳይቀመጥበት ከለከሉ። መንደሩም እሳቸውን ላለማሳዘን ባዶውን መደብ እጅ እየነሳ ሃያ ዓመት ኖረ። «ፍታት ያላገኘ ነፍስ ደግሞ» አሉና መምሬ አዱኛ ወደ ገደሉ አዩ፤ «እንግዲህ አንተ የተማርክ ነህ። ብቻ በጉም ስትሄድ ስምህን ሲጠሩህ ሦስቴ ሳይደግሙልህ አቤት እንዳትል። ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል።»

«እሱስ?»

«እሱ ሁለቴ ነው የሚጠራ ይላሉ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቴ ካልጠራኝ በቀር ለማንም አቤት ማለት ተውኩ፤ ጉም ይኑር አይኑር። ፒተር ደግሞ ሰውን አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም የሚል ጨዋ ነው። ስለዚህ ለአራት ቀን ያህል እኔና እሱ አልተነጋገርንም። የተጣላን መስሎት ከበቅሎው ጭነት ውስጥ ያስቀረውን የመጨረሻ ጣሳ ዓሣ ሰጠኝ።

ነገሩ የተበላሸው ፒተር ሥራ ሲጀምር ነው። ሰውን እረዳለሁ ብሎ የመጣው ሽንት ቤት ሊያስቆፍር ኖሯል። ቦታውን ከእሜቴ ስንዱ ጓሮ መረጠና አካፋውን ይዞ ቁፋሮ ጀመረ። ጉድጓዱ ጠባብና ረጅም ነው። ቀኑ ጨፍጋጋ፣ ጉሙ ከጎጆዎቹ ክዳን በላይ ተኝቷል። መንደርተኛው አንድ በአንድ መጥቶ ዙሪያውን ቆመ። የአካፋው ድምፅ ብቻ ጭቅ፣ ጭቅ ይላል።

«ምንድን ነው የሚቆፍር?» አሉ አያ ፈንታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጭቃ ሹሙ፣ ቄሱ፣ የተከበሩ ባልቴት በቆሙበት «ሽንት ቤት» እንዴት ይባላል? እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም። በጨዋ ቋንቋ ለማስረዳት ጉሮሮዬን ጠረግኩና፣

«ሰው ብቻውን ገብቶ የሚያርፍበት ነው» አልኩ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ አማተቡ። አንድ ሽማግሌ የለበሱትን ጋቢ እንደ ኀዘንተኛ አዞሩት። የተናገርኩት ነገር ለራሴ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ አረፈ ማለት ሞተም ማለት ነው።

እሜቴ ስንዱ ወደ ጉድጓዱ ጫፍ ተጠግተው ወደ ውስጥ አዩ። ፒተር ከታች ሆኖ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ሳቀላቸው።

«ለማን ነው?» አሉ በቀስታ።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቤት ገቡና በሩን ዘጉ። ያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ ሦስተኛው ዋንጫ መደቡ ዳር እንደ ወትሮው አለ፤ እኛ ላይ ግን የወረደው ዓይን ሌላ ነው። እሜቴ ስንዱ «ባሌን ቅበሪ ሊሉኝ ነው ከባሕር ማዶ ሰው ያስመጡ» ብለዋል ተባለ። ጉድጓዱ በማግስቱ ተደፈነ። ያቺ መንደር ሽንት ቤት ሳይኖራት የቀረችው በእኔ ጨዋነት ነው።

ለፒተር የሆነውን እንደምንም አስረዳሁት። ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። እሜቴ ስንዱን መካስ አለብኝ አለ። ደጃፋቸው ጭቃ ነው፤ ሲወጡ ሲገቡ ያንሸራትታቸዋል። ገደሉ አጠገብ በዚያ ክረምት ናዳ ወርዶ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈንቅሎ አውጥቷል፤ ያንን አምጥተን እናንጥፍላቸው አለ። እኔ ከገደል ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ግን በጉድጓዱ ምክንያት አፌ ዕዳ ስላለበት ተከተልኩት።

ቀትር ላይ ደረስን። ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። ሦስት ድንጋይ እንዳነሳን ጉሙ መጣ።

እናንተ ጉም ከላይ የሚወርድ ይመስላችኋል። እዚያ አይወርድም፤ ይወጣል። ከገደሉ ሥር እንደሚፈላ ወተት ተነሥቶ ጫፉን ያልፍና በሣሩ ላይ ያለ ድምፅ ይመጣል። መጀመሪያ በሩቅ ያሉት ዛፎች ጠፉ፣ ቀጥሎ ድንጋዮቹ፣ ቀጥሎ ከአሥር እርምጃ ያነሰ ርቀት ላይ የነበረው ፒተር። ከዚያ የገዛ እግሬ። ወፎቹ ዝም አሉ። የራሴን ትንፋሽ ሌላ ሰው የሚተነፍሰው መሰለኝ።

ያን ጊዜ ስሜ ተጠራ።

ጩኸት ቢሆን ደግ ነበር። በቀስታ ነው፤ ማዕድ ቀርቦ እንግዳውን ወደ ውስጥ እንደሚጠራ ሰው። የፒተር ድምፅ አይደለም፤ ፒተር ስሜን በትክክል ጠርቶት አያውቅም። ጆሮዬን አቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ ደገመኝ፤ አሁን ቀረብ ብሏል።

ሦስተኛውን አልጠበቅኩም። ፒተርን፣ ድንጋዩን፣ አንድ ጫማዬን ትቼ ሮጥኩ። ምን አቅጣጫ እንደያዝኩ አላውቅም፤ እግዜር ግን ለፈሪ መንገድ ያሳያል። ከአያ ፈንታ በረት አጥር ጋር ተላትሜ ቆምኩ።

«ፈረንጁስ?» አሉኝ አያ ፈንታ።

«ከኋላዬ እየመጣ ነው።»

ሁለታችንም ወደ ኋላዬ አየን። ነጭ ነው።

ወዲያው ጥሩምባ ተነፋ። ወንዶቹ ጠፍር እየያዙ፣ አንዱ የአንዱን ወገብ እያሰረ፣ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ወደ ጉሙ ገቡና ዋጣቸው። እኛ አጥሩ ሥር ቆመን እንሰማለን። ጥሩምባው አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከእግራችን ሥር ይመጣል። መምሬ አዱኛ ዳዊት ይደግማሉ። እኔ ለፒተር እናት እንዴት ያለ ደብዳቤ በየትኛው እንግሊዝኛ እንደምጽፍ እያሰብኩ አለቅሳለሁ። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ከሩቅ፣ ከገደሉ በኩል፣ አንድ ሰው ጮኸ።

«ተገኘ!»

ሌላው ተቀበለው። «ተገኘ! ተገኘ!» ጉሙ ውስጥ ያሉት ሁሉ እየተቀባበሉ «ተገኘ!» አሉ፤ ገደሉም መልሶ ያን አለ።

ደስ ብሎኝ ልጮህ አፌን ስከፍት አያ ፈንታ ክንዴን ያዙኝ። ዓይናቸው ከእኔ ኋላ ነው። ዞርኩ። የእሜቴ ስንዱ በር ተከፍቷል። እሳቸው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ክንዳቸው ላይ የታጠፈ፣ የታጠበ ነጭ ጋቢ አለ። መቼም የዚያን ቀን አልታጠበም፤ ሃያ ዓመት ታጥቦ የተቀመጠ ነው።

«ማን አሉ?» አሉ።

መንደሩ በሙሉ መሬት መሬቱን አየ። ፈረንጁን ነው ብሎ የሚናገር አንድ ወንድ ጠፋ። እሳቸው በጭቃው ላይ እየተራመዱ በመካከላችን አልፈው ጉሙ ጫፍ ላይ ቆሙ። የሚመጣው ሰው እግር ኮቴ ይሰማል። መጀመሪያ ጥላ፣ ከዚያ ረጅም ሰው።

ፒተር ነበር። ሁለት ሰዎች ደግፈውታል፤ ልብሱ ተቀዷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። እሜቴ ስንዱ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ጋቢውን ዘርግተው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

«አስተርጓሚው!» አሉ አያ ፈንታ። «ጠይቀው። ምን ሆኖ ነው? ደግሞስ አንተ የት ነበርህ?»

ፒተር ጥርሱ እየተንገጫገጨ ብዙ ተናገረ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ሦስት ቃል ነው፤ ብርድ፣ ድንጋይ፣ ሰውዬ። ሰውዬ የሚለውን ሲደጋግም እኔን መሰለኝ። ያ ጥሎኝ የሮጠው ሰውዬ ማለቱ ነው አልኩ። መንደሩ ሁሉ አፍ አፌን ያያል። እጄን ኪሴ ሰደድኩና አንድ ሽማግሌ አወጣሁ።

«ጉሙ ሲመጣ» አልኩ «አንድ ሽማግሌ መጣ ይላል። እኔን፣ አንተ ሂድና ለመንደሩ ተናገር አለኝ። እሱን ደግሞ እየመራ ከድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጠው።»

«ምን ዓይነት ሽማግሌ?» አሉ አያ ፈንታ። «ሽማግሌው ሁሉ እኮ እዚህ ነው።»

ውሸት አንዴ ከገባችሁበት ልብስ ማልበስ ግድ ነው። «ረጅም» አልኩ። «ነጭ የለበሰ። በትሩን በግራ እጁ የያዘ።»

«በግራ?» አሉ እሜቴ ስንዱ።

«በግራ፣ እሜቴ።»

«ተገኘ ግራኝ ነበር» አሉ።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፤ ግራኝ ነበር» አሉ። «ግራኝ ነበር» አለ ሌላው። «አዎ፣ በግራው ነበር የሚይዝ» አሉ ከኋላ። እኔ እኮ ሰውየውን ከኪሴ ነው ያወጣሁት! ቀኝ ልል ነበር፤ ለማሳመር ያህል ነው ግራ ያልኩት!

ፒተር የሚሆነው ሳይገባው ቦርሳውን ከፈተና የዛገ ብረት አውጥቶ ለእሜቴ ስንዱ በሁለት እጁ ሰጣቸው። የበቅሎ ልጓም ነው። ተቀበሉት። ዝገቱን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፤ ከጫፉ ላይ ቀጥቃጩ የጫራት ትንሽ መስቀል ብቅ አለች።

«የእኛ ነው» አሉና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ወንዶቹ በጠፍር ወረዱ። ፒተር የተገኘበትን ቦታ ናዳው ነው የከፈተው እንጂ ከዚያ በፊት ፍየልም አይደርስበትም ነበር። ድንጋይ ጥላ ሥር፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ እንደተቀመጠ፣ በጉሙ ውስጥ ያላዩትን አያ ተገኘን አገኙት። አፅሙን በሸማ ጠቅልለው አወጡት። ደወል ተደወለ፤ ፍታት ተደረገ፤ ሃያ ዓመት የዘገየ ልቅሶ ሦስት ቀን ተለቀሰ። ሃያ ዓመት የዘገየ ተዝካር ሌላ አርባ ቀን አይጠብቅም ብለው ተዝካሩንም በሳምንቱ አወጡ። ፒተር ከሟች ዘመዶች ጋር ተቀምጦ በላ፤ እሜቴ ስንዱ በገዛ እጃቸው አጎረሱት። እኔ ግን እንጀራው አልወርድ አለኝ።

ሳልናዘዝ ብሄድ መንገድ ላይ የምቀር መሰለኝ። መምሬ አዱኛን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ዝግባ ሥር አገኘኋቸውና እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«አባቴ፣ ሽማግሌ አላየሁም። ፈርቼ ሮጥኩ። የዋሸሁት ነው።»

አልደነገጡም። መስቀላቸውን አሳለሙኝና «ንስሐህ ይኸ ነው» አሉ። «ይህንኑ ሄደህ ለእሷ ንገራት።»

ሃምሳ ስግደት ቢሰጡኝ ምን ነበረበት! እሜቴ ስንዱን ያገኘኋቸው ደጃፋቸው ላይ አጎዛውን ፀሐይ ሲያሰጡ ነው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መሸሼን፣ ሽማግሌውን እንዴት እንደፈጠርኩት፣ ግራውን ለማሳመሪያ እንደጨመርኩት። ጨርሼ እርግማኔን ጠበቅኩ።

«ተገኘ ግራኝ አልነበረም» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ቀኝ። በቀኙ ነበር የሚያርስ፣ በቀኙ የሚይዝ። አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ታዲያ እነ አያ ፈንታ…»

«እነሱማ ለእኔ ብለው ነው።» አጎዛውን ገለበጡት። «ስማኝ፣ ልጄ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት እውነትም ጠበቅኩት። ከዚያ መሞቱን ዐወቅኩ። ግን ሰው ሁሉ እየገባ እንዴት አደርህ ይለዋል፤ እንዴት ብዬ አቁሙ ልበል? ባሏን ረሳች አይሉም? እነሱም እኔን ፈርተው አላቆሙ። እንዲህ ተፈራርተን ሃያ ዓመት ሄድን። አንተ ከውጭ መጣህና ዋሸህልን። ሸጋ ውሸት ነበር።»

«ልጓሙስ፣ እሜቴ? አፅሙስ?»

«እሱ እውነት ነው። ልጓሙ የእኛ ነው፤ አፅሙም የእሱ ነው፤ ጥርሱን ዐውቀዋለሁ። ጴጥሮስ እዚያው ድንጋይ ሥር ወድቆ አግኝቶት ይሆናል፤ እግዜር ይስጠው። ሽማግሌው ብቻ ነው ውሸቱ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አሁን ሂድ። በሰላም ግቡ።»

እንዲህ ያለ መቅለል አይቼ አላውቅም። በማግስቱ ጧት በቅሎዎቹን ጭነን ወጣን። መንደሩ ሁሉ እስከ አፋፉ ሸኘን። ደግሞ ጉም ነበር፤ ግን ስስ፣ በቅሎ ለበቅሎ የሚያስተያይ።

ትንሽ እንደሄድን ፒተር፣ «ትናንት እሜቴ ስንዱ ምን አሉህ?» አለኝ።

ንስሐ የገባ ሰው ደፋር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም ሳልቀንስ፣ የማውቃትን እንግሊዝኛ ሁሉ አሟጥጬ ነገርኩት። ጥዬህ ሮጥኩ አልኩት። ያ ሽማግሌ የሚባለው የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኩት።

በቅሎውን አቆመ።

«የቱን ሽማግሌ?» አለ።

«ልጓሙን ያገኘህ ዕለት። አንድ ሽማግሌ መራኝ ይላል ብዬ ነው ያስተረጎምኩት።»

ፒተር ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን ቀስ እያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ተናገረ፤ አምስቱም ቃል ከአምስቱ ገባኝ።

«እንደዚያ ነው እንጂ እኔም ያልኩት። ያን ዕለት ደጋግሜ ነገርኩህ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ እጄን ይዞ ከድንጋዩ ሥር አስቀመጠኝ። ከመንደሩ ሰው አንዱ መሰለኝ። በጣም ጥሩ አድርገህ ያስተረጎምክልኝ መስሎኝ ነበር።»

«ልጓሙስ?» አልኩ።

«እሱ ነው የሰጠኝ። መሬት ላይ አላገኘሁትም።» እጁን በአየር ላይ ዘረጋና በየትኛው እጁ እንደሰጠው አሳየኝ። ቀኙን ነው የዘረጋው።

የበቅሎዬ ጆሮ ወደ ኋላ ተቀሰረ።

«አንድ ነገር ተናግሮኝ ነበር» አለ ፒተር። «አማርኛ ስለሆነ አልገባኝም፤ እንዳልረሳው ግን ስደጋግመው ከረምኩ።» ዓይኑን ጨፈነና በዚያ በጠማማ አፉ፣ አንዱን ፊደል ሳይስት አወጣት።

«አድርስልኝ።»

ከኋላችን መንደሯ አትታይም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ የመጣንበትን መንገድ እየሸፈነ ነው።

«ምን ማለት ነው?» አለኝ።

አማርኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ ሰው ነኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። «የዚህ አገር ቃል ይሆናል።»

በቅሎዬን ኮለኮልኩ።